«ሴት ትሸመድዳለች» ከማለት በፊት

«ሴት ትሸመድዳለች፣ ለወንድ ግን ይገባዋል» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ተማሪ አለ? ከአስተማሪ አፍም ይወጣል እኮ።

ልዩነት የለም አልልም። የሰሙትን ቃላት በማስታወስ ሴቶች በአማካይ ትንሽ ይሻላሉ፤ ቅርጽን በሐሳብ አዙሮ በማየት ደግሞ ወንዶች። ግን አማካይ ነው። በወንዶቹ በራሳቸው መሀል ያለው ልዩነት ከዚህ በጣም ይሰፋል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ እኔ ከአንጎል በፊት የማየው ሰዓትን ነው። ትኩረትም እንደ ብር ያልቃል። ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ ቀድታ፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ ሳህን አጥባ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደብተር የምትከፍት ልጅ ምን ጉልበት ይቀራታል? ወንድሟ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነፃ ነው (እሺ፣ ግማሹ በቲክቶክ ያልፋል)። የተነበበ ነገር አእምሮ ውስጥ የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። እሷ ግን ዘግይታ ተኝታ፣ ቁርስ ለማቅረብ ቀድማ ትነሳለች። ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ «ትኩረት የላትም» ይሏታል። የሚረብሸው ወንድ ቶሎ ይታያል፤ ዝም ብላ በሐሳብ የጠፋችውን ግን ማን ይጠይቃታል?

ፈተና የደረሰባት እህት ያለህ ልጅ፣ የዛሬ ማታውን ሳህን አንተ እጠበው። ነገም።