በክረምት የተዘጋው መስኮት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ዳገቱን ጨርሶ ወደ ደጋው ብቅ ሲል የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። በበጋ ወራት የደጀን አየር ለጤና ተስማሚ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሸለቆው የሚነሣው ጉም ሠፈሩን ያለብሰዋል፤ ዝናቡ ውሎ ያድራል፤ ሰውም ጋቢውን ደርቦ፥ በሩን ዘግቶ፥ መስኮቱን በጨርቅ ወትፎ ከምድጃው ዳር ይሰበሰባል።

ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ስለዚሁ ስለተዘጋው መስኮት ነው።

በክረምት ወደ ጭቃ ቤት የገባ እንግዳን አስቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው። ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ ጥቁርና አረንጓዴ ነጥብ አውጥቷል፤ በሣጥን የተቀመጠው ልብስ ሻግቷል፤ ሕፃናቱ ሲያስሉ ያድራሉ። «መስኮቱን ለምን አትከፍቱትም?» ብለን ብንጠይቅ የቤቱ እናት መልስ አንድ ነው፤ «ኧረ ልጄ፥ ብርድ ይመታናል!»

እኛ የምንለው ግን፥ ይበልጥ የሚጎዳን ከውጭ የሚገባው ነፋስ ሳይሆን ከውስጥ አልወጣ ያለው ዕርጥበትና ጢስ ነው።

የሻጋታ ዘር በአየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ የሚበቅለው ግን ዕርጥበት ሲያገኝ ነው። ዕርጥበቱም ከሚያፈሰው ቆርቆሮ፥ ቦይ ባለመቆፈሩ ግድግዳው ከሥሩ ከሚጠጣው ውሃ፥ ከድስቱ እንፋሎት፥ ቤት ውስጥ ከተሰጣው ልብስና ከራሳችን ትንፋሽ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፥ በዕርጥብና በሻገተ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳልና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስታውቋል።

ከሻጋታው የሚከፋው ደግሞ የእሳቱ ነገር ነው። የዕርጥብ እንጨትና የኩበት ጢስ ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሸዋል። ፍም የሆነው ከሰል ግን ጢስ ስለሌለው ደህና ይመስላል። ነገር ግን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም። ራስ ምታቱንና ማዞሩን «ምች ነው» ብሎ በዚያው የተኛ ሰው ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ዕጣን ማጨስም ሽታ ይሸፍን እንደሆነ እንጂ መርዝ አያስወጣም። አራስና ጨቅላ በተኙበት ቤት በሩን ዘግቶ ከሰል ማስገባት ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ጥፋት ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት መሞታቸውን ገምቷል።

«የደጀንን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው» የሚለን አይጠፋም። እኛም ሌሊቱን ሙሉ ክፈቱ አላልንም። ዝናቡ ባባራ ቁጥር በርና መስኮትን ለጥቂት ደቂቃ መክፈት፥ ከምድጃው በላይ የጢስ መውጫ ማበጀት፥ ከመኝታ በፊት ከሰሉን ወደ ውጭ ማውጣት፥ ሰኔ ሳይገባ ቦይ መቆፈርና ቆርቆሮ መድፈን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሻገተውን ምርጊት አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መፋቅ፥ ሲደርቅም ኖራ መቀባት ይጠቅማል፤ የኖራ ድንጋይ እንደሆነ በአባይ ሸለቆ ሞልቷል።

ይሁን እንጂ ሁሉን በድሃው ትከሻ ላይ መጣል አይገባም። መስኮት የሌለው ክፍል የተከራየ አስተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ምኑን ይክፈት? በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን በቤቱ ሻጋታ ምክንያት ሞቷል። ወላጆቹ ደጋግመው ሲያመለክቱ አከራዩ ድርጅት ጥፋቱን በአኗኗራቸው ላይ አላክኮ ነበር። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያሉ አከራዮች ጉድለቱን በተወሰነ ጊዜ እንዲያርሙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ባለጠጋ በሚባለው አገር እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ዝም ማለት እንደምን ይገባል?

ስለዚህ አከራዮች መስኮት ሳያወጡ ክፍል አያከራዩ፤ ማዘጋጃ ቤትም የቤት ፕላን ሲመረምር የአየር መግቢያውን ይጠይቅ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ከሰሉ አጥብቀው ይምከሩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለዚህ ቤት ቅጠሉ አንዲት መስኮት ናት።