አንገት፣ ወገብና እግር ምን አገናኛቸው?

ሰሞኑን ከቦሬ አንዲት ወጣት በመንገደኛ እጅ የላከችልኝን ደብዳቤ ሳነብ ደነገጥኩ። «እናቴ ነጋዴ ናት፤ ዕድሜዋ 48 ነው። እንቅርት ከወጣባት ቆየ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰውነቷ እየገዘፈ ሄደ፤ ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ሆዷ ይደርቃል። ጎረቤቱ ‹ድሎት ነው፣ ተመስገን በይ› ይላታል። ከትናንት ወዲያ አዲስ አበባ ደርሳ በአውቶቡስ ስትመለስ ግራ ባቷ አብጦ አመማት። ለእሑድ ወጌሻ ቀጥረናል። በቅቤ ይታሽ ወይስ በቅባት?» ትላለች።

ጋዜጣው እስኪታተም አላስቻለኝም። በተጻፈው ስልክ ደወልኩና «ልጄ፣ እግሯን ማንም እንዳያሸው! ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት» አልኳት።

ለምን? ሰው ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ በባቱ የደም መልስ ውስጥ የሚሄደው ደም ይዘገያል፤ ሊረጋም ይችላል። የረጋው ደም ሲታሽ ተቆርሶ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል። ይኼ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ ወጌሻ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካሳለ ለአንድ ሰዓትም አይቆይም።

ታዲያ እንቅርቱን ከእግሩ ምን አገናኘው? አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሰውነት ምግብን የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ያዛል። ዕጢው ሲሰንፍ ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ይወፍራል፤ ኮሌስትሮሉም ይጨምራል። በዚህ ላይ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት ጣጣ ይከተላል። ምልክቶቹ አምስት ናቸው፤ ወገብ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ የደም ግፊት 130 በ85 ሲደርስ፣ የባዶ ሆድ ስኳር 100 ሲሞላ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ 150 ሲደርስና ጥሩው ኮሌስትሮል ሲቀንስ። ሦስቱ ከተገኙ በቂ ነው። እንዲህ ባለ ሰውነት ውስጥ ደም የሚያረጉ ነገሮች ይበዛሉ፤ የረጋውን የሚያሟሟው ኃይል ደግሞ ይዳከማል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው!

እንቅርት ሁሉ ደም ያረጋል ማለቴ ግን አይደለም። እንቅርት ያለበት ሰው ዕጢው ሊሰንፍ፣ ከልክ በላይ ሊሠራ ወይም ደህና ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ሥርዓት አጥቶ ይመታል፤ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የሚለየው ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው የደም ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

እንቅርት እንዳይመጣ መከላከያው አዮዲን ያለው ጨው ነው። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ከኤል ሶድ ጉድጓድ ለከብት የሚወጣው ጨው ግን ይህ አልተጨመረበትም፤ ከብቱ ይላሰው፣ ለወጥ ሌላ ግዙ። ጨዉን ክደኑት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። እንቅርት ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያዘው የአዮዲን መድኃኒት አይዋጥ።

ለመንገደኞችም አንድ ቃል። አውቶቡሱ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ ወይም ሐገረ ሰላም ሲቆም ውረዱና ተራመዱ። በወንበራችሁም ላይ ሳላችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። «ሽንት ይይዘኛል» ብላችሁ ውኃ አትተዉ።

ልጅቷ በአምስተኛው ቀን ደወለችልኝ። እናቷ ሐዋሳ ተልካ በአልትራሳውንድ ባቷ ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶባታል፤ ደም የሚያቀጥን መርፌ ጀምራለች። የደም ምርመራውም ዕጢዋ መስነፉን፣ ስኳሯና ግፊቷም መጨመራቸውን አሳይቷል። «ወጌሻውን ምን ብለን መለስነው መሰለህ? ‹እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ቀን!›» አለችኝ እየሳቀች።

ድሎት የመሰለን ሁሉ ድሎት አይደለም። ሳምንት በደህና ያገናኘን!