የድሮው ሳይመለስ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በፍራንክፈርት እቁብ የሚጥል ሰው ደንቡን አሳምሮ ያውቃል። ዕጣው የወጣለት ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም፤ የወሰደውን ከፍሎ ሳይጨርስም በዚያው ዕጣ ሁለተኛ አይደርሰውም። ዳኛው አጎቱ ቢሆን እንኳ አያልፈውም፤ በዚህ የሚቀየም ሰውም አላየሁም። ይኸው ሰው ግን አምና ያበደረው የአክስቱ ልጅ ዘንድሮ ደግሞ ከአገር ቤት ደውሎ ሌላ ብድር ሲጠይቀው ደንብ የሚባል ነገር ይጠፋበታል። የድሮውን ብድር ደዋዩ አያነሳም፤ እሱም በይሉኝታ ዝም ይላል። ይልክና ከሚስቱ ጋር ይጣላል።

ዝምታው ከድሮው ይልቅ ዛሬ የበለጠ ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላችሁ 1,000 ዶላር በባንክ ልካችሁ ከሆነ ዘመዳችሁ እጅ የገባው 57,000 ብር ያህል ነው። ዛሬ ያንኑ ብር ቆጥሮ ቢመልስ በእሱ ቤት ዕዳው አለቀ፤ በእናንተ ስሌት ግን ግማሹ እንኳ አልተመለሰም። 1,000 ዶላሬን አምጣ ብትሉት ደግሞ ከ100,000 ብር በላይ ሊያወጣ ነው፤ ደመወዙ ግን በዚያው ልክ ላያድግ ይችላል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ብድሩ በምን ገንዘብ እንደሆነ ያን ጊዜ የተነጋገረ የለም፣ አለቀ። በዚህ ላይ ሁለተኛ ብድር ሲጨመር ማን ለማን ስንት እንዳለበት አስታራቂ ሽማግሌም አይፈታው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። የአክስት ልጅ ክሰሱ አልልም። ቢያንስ ግን ስንት እንደሆነ፣ በዶላር ይሁን በብር፣ እስከ መቼ እንደሆነ በስልክ ጻፉለትና "እሺ" ይበላችሁ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ያልመለሰ ሰው ሁለተኛ ብድር አይሰጠው። ስጦታ ግን ይሰጠው። እናት ሆስፒታል ገብታ ከሆነ ብድር የሚለውን ቃል ጨርሶ አታንሱ፤ ከቻላችሁ ክፍያውን በቀጥታ ለሆስፒታሉ አድርጉት። ለሱቅ ወይም ለባጃጅ ከሆነ የፊተኛው ገንዘብ የት እንደደረሰ ይነገራችሁ። የፊተኛውን ልትተዉለት ከወሰናችሁም "ትቼልሃለሁ" በሉት፤ ሳትነግሩት በልባችሁ ትታችሁ በየበዓሉ ፊት መንሳት ይቅር ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው ግን የወር ደመወዝና የጡረታ ተቆራጭ ላለው ሰው ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ጡረታ የላትም፤ ወደ አገር ስትመለስ የሚጠብቃት የላከችው ገንዘብ ብቻ ነው። አንዳንዷ መጥታ የምታገኘው በወንድሟ ስም የተሠራ ቤት ነው። እሷን "ተዪለት" ማለት ያልደከመ ሰው ምክር ነው። ወንድሟ የበፊቱን ሳይመልስ እንደገና ሲጠይቃት "በስሜ ባንክ አስገብቼዋለሁ፤ እስክመጣ አይነካም" ትበለው፤ እውነትም ታስገባው።