ችግኙ በሐምሌ፣ ተማሪው በጥቅምት

የዩኒቨርሲቲዎቻችን የችግኝ ተከላ የሚካሄደው ሐምሌ ላይ ነው። መሬቱ የሚርሰው ያኔ ስለሆነ ጊዜው ትክክል ነው። ችግሩ መደበኛው ተማሪ በዚያ ወቅት ግቢ ውስጥ አለመኖሩ ነው። አመራሩ፣ መምህራኑና ሠራተኞቹ ይተክላሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ። ተማሪው ከክረምት እረፍት ሲመለስ ምን ያህል እንደተተከለ፣ ስንቱም እንደያዘ የሚነግረው የለም። ከዚያ ዝናቡ ይቆማል። ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይ ሲበረታ፣ ችግኙ ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ባለቤት የለውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ የተተከለውን መቁጠር ለምደናል። እኔ መስማት የምፈልገው የጸደቀውን ነው። መትከልን አልነቅፍም፤ የተራቆቱ ተዳፋቶቻችንን ያየ ሰው ሊነቅፍ አይችልም። የምለው ሌላ ነው፦ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲያስብ መጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ። ምን ያህል ውሃ ይጠቀማል? ምን ያነዳል? የምግብ ትራፊውንና ፍሳሹን የት ይደፋል? እውቀቱስ ከአጥሩ ውጭ ላለው ገበሬ ምን ጠቀመው?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያከብድ ቦታ አላውቅም። በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካው ኦክላሆማ በመጡ ምሁራን እገዛ የተቋቋመው፣ ያኔ አለማያ ይባል የነበረው ኮሌጅ፣ ለአገሪቱ ስንት የግብርና ባለሙያ አፍርቷል። ከግቢው ብዙም ሳይርቅ የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት ከዚያ ጠጥታለች። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ጫታቸውንና አትክልታቸውን በፓምፕ ከዚያው ያጠጡ ነበር። በየክረምቱ ደግሞ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል እየወረደ ሐይቁን ከሥር ይሞላው ነበር። ከላይ እየተቀዳ ከታች እየተሞላ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ ሐይቁ ደረቀ። ወለሉ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከሩቅ ለማስመጣት ተገደደች።

ይህ የሆነው አፈርና ውሃን የሚያስተምሩ ሰዎች ባሉበት አካባቢ ነው። መምህራኑ ዝም አላሉም፤ ስለ ሐይቁ መመናመን አጥንተው ጽፈዋል። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ሲቀር፣ ፓምፑ በየማለዳው ይነሳ ነበር። ገበሬውን አልወቅስም። ጫት ልጆቹን የሚያስተምርበት ገቢ ነው፤ በእሱ ምትክ የቀረበለት ነገርም አልነበረም። ሐይቁ ከአሥር ዓመት በላይ ደርቆ ከቆየ በኋላ ውሃው ተመልሷል። በተፋሰሱ ላይ የተሠራው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ረድቷል፤ ዩኒቨርሲቲውም የበኩሉን አድርጓል፤ ዝናቡም አግዟል። በጣም ደስ ይለኛል። ግን ጫቱም ፓምፑም አካባቢውን አልለቀቁም። እዚያ የሚማር ወጣት የሐይቁን ከፍታ በየወሩ እየለካ ለገበሬው በኦሮምኛ ቢነግረው፣ ከማንኛውም ሰልፍ የበለጠ ተሟጋች እለዋለሁ።

በአሜሪካም የተማሪዎች የአካባቢ ጥበቃ እንቅስቃሴ ኃይል ያገኘው ተማሪዎች ወደ ራሳቸው ተቋም ሲዞሩ ነው። ሀርቫርድ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኢንቨስት አድርጎ የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹ ገንዘቡ ከነዳጅ ኩባንያዎች እንዲወጣ ሲጠይቁ አመራሩ እ.ኤ.አ. በ2013 እምቢ አለ። አልተዉትም፤ በ2019 ከዬል ጋር በተደረገ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ እረፍት ላይ ሜዳ ገብተው ተቀመጡ፤ የታሰሩም ነበሩ። በ2021 ዩኒቨርሲቲው ሐሳቡን ለወጠ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መልሱ የተማሪው ትውልድ ተቀያይሯል፤ ጥያቄው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቀጠለ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሀብት የለም። ያለን ምጣድ ነው። በሺህ ለሚቆጠሩ ተማሪዎች በቀን ሦስቴ ምግብ የሚያቀርብ ካፌ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ከመጀመሪያውም የሚጋግረው በእንጨት ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ ተክሎ ዓመቱን ሙሉ እንጨት በጭነት መኪና የሚያስገባ ግቢ፣ የሚተክለውንና የሚያነደውን በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ማሳየት አለበት። የካፌው ትራፊና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ባዮጋዝ ሊሆን እንደሚችል የምህንድስና ተማሪዎች በክፍል የሚማሩት ነገር ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ወረቀት ላይ ከሚቀር በገዛ ካፌያቸው ይሞከር።

ይህን የሚጠይቅ ተማሪ እንደ ረብሸኛ እንዳይታይ እሰጋለሁ። በግቢዎቻችን ቁጥር መጠየቅ አንዳንዴ ተቃውሞ ይመስላል። ስለዚህ ኃላፊነቱ የመምህራንም ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን ለባነር መያዣ ብቻ የሚፈልጉት አሉና። በዚህ ጥቅምት የሚመለሱ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ወጥተው በሐምሌ የተተከለውን ይቁጠሩ። የያዘውንና የደረቀውን ለይተው በካፌው በር ላይ ይለጥፉ። ከዚያ እያንዳንዱ ዶርም ጥቂት ችግኝ ተረክቦ እስከ ሰኔ ያጠጣ። ፍሬሽማኑም ሲመረቅ ለሚተካው ያስረክብ።