ዕድሜውን ማን ጻፈው?

«ሕግ አለ፤ የጎደለው አፈጻጸም ነው።» ልጆችና መጠጥ በተነሡ ቁጥር ከመድረክ የሚሰማው መልስ ይኸው ነው። ስብሰባው ጅግጅጋ ይሁን ሐረር፣ ተናጋሪው ከጤና ይምጣ ከንግድ፣ ቃሉ አይለወጥም። ተከትሎት የሚመጣውም ያው ነው፦ ቁጥጥር ይጠናከራል፣ ለልጆች በሚሸጡት ላይ እርምጃ ይወሰዳል። አዳራሹ ያጨበጭብና ይበተናል።

እኔ ይህን መልስ መቀበል አቅቶኛል። ልጆች ይጠጡ የሚል ሰው አይደለሁም፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ግድግዳ ተደግፎ የሚያስመልስ ልጅ አይቼ ምሽቱን ሙሉ እህል መቅመስ ያቃተኝ ሰው ነኝ። የማልቀበለው እውነት ስላልሆነ ነው። የጎደለው አፈጻጸም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ተቆጣጣሪ በመቅጠር ያልቅ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያወረደው፣ ቀድሞ 18 የነበረውን የመግዣ ዕድሜ ወደ 21 ከፍ ያደረገው እሱ ነው። ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ቁጥሩን ማን ይለካዋል፣ በምንስ ይለካዋል የሚል ነው።

ባቢሌን ውሰዱ። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል፤ ለውዙን ገዝቶባታል፣ ውኃዋን ጠጥቷል። አመሻሽ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ግቡ። ከባንኮኒው ጀርባ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ባለሱቁን አይደለም። ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሐረር ወርዷል፣ ወይም ቤቱ ነው። የቆመው የሱቅ ልጅ ነው፤ ከገጠር የመጣ ዘመድ፣ ቀን የሚሸጥ፣ ማታ በስኳር ጆንያዎቹ መካከል የሚተኛ፣ ደመወዙ አንዳንዴ በብር አንዳንዴ በምሳና በእራት ብቻ የሚታሰብለት። ዕድሜው 16 ወይም 17 ቢሆን ነው።

ሕጉ ይህን ልጅ ከዚያ እንዳይቆም አይከለክለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ 15 ዓመት የሞላውን ልጅ መቅጠር ይፈቅዳል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ጨርሶ እንዳይሠራ ይላል። በወንጀል ሕጋችን ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ያለ ሰው ተጠያቂ ነው፤ 18 እስኪሞላው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ነፃ አይለቀውም። እንግዲህ ሦስቱን ሕግ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። የ16 ዓመት ልጅ የ20 ዓመት ጎረምሳን «ስንት ዓመትህ ነው? መታወቂያህን አሳየኝ» ብሎ ያስቆመው ዘንድ ይጠበቃል። ጎረምሳው «አቦ ስጠኝ ባክህ፣ አታዘግየኝ» ሲለው እንቢ ይበል። እንቢ ካላለ ይከሰስ። ራሱ ሊገዛው የማይፈቀድለትን ነገር ለሌላው እንዳይሸጥ ዘብ የተደረገው እሱ ነው።

ልጁ ደፋር ነው እንበል፤ ጠየቀ። ምን ያሳየዋል?

በአገራችን ልደት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥርዓት መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ዛሬ ጢሙ ማቀምቀም ጀምሮ ሱቅ ደጃፍ የሚቆም ጎረምሳ ሲወለድ መዝገቡም መዝጋቢውም አልነበሩም። በዚያው በ2008 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አሥራዎቹ ውስጥ ናቸው። አዋጁ ከመጠጥ እጠብቃቸዋለሁ የሚላቸው እነሱን ነው።

የቀበሌ መታወቂያ አለ ይባል ይሆናል። መታወቂያው የሚሰጠው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የ14 ዓመቱ ልጅ የሚያሳየው የለውም፣ «የለኝም» ማለቱም ምንም አያረጋግጥም፤ መታወቂያ የሌለው አዋቂ ሞልቷልና። የ19 እና የ20 ዓመቱስ? ካርዱ ላይ ያለችው የትውልድ ዘመን ከየት መጣች? አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ አፍ ነው፤ አለዚያም ከእናቱ። እናት ደግሞ በእኛ አካባቢ ዓመት የምትቆጥረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በደረሰው ነገር ነው፦ በድርቁ፣ በጎርፉ፣ ሰው በተፈናቀለበት ጊዜ። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ወሰን ላይ ሕዝበ ውሳኔ በተሰጠበት በ1997 የተወለደ ልጅ ዛሬ በ21 ደፍ ላይ ቆሟል። መስከረም ላይ ተወለደ ወይስ ሰኔ ላይ? ለእናቱ ልዩነት የለውም፤ ልጇ ነው። ለሱቅ ልጁ ግን በመከሰስና ባለመከሰስ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ቆሎጂ አለ። በ2010 ዓ.ም አካባቢ በነበረው ግጭት ከየቤታቸው የተነቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተጠለሉበት ሰፈር ነው። በሌሊት የወጣ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣው ልጁን ነው፤ የክትባት ካርድ ፈልጎ አይወጣም። እዚያ ያደገ ወጣት ባቢሌ ወርዶ ጠርሙስ ቢገዛ፣ የሱቅ ልጁ ዕድሜውን በምን ያረጋግጥ? ፊቱን አይቶ ነው? ችግር ፊትን ከዕድሜው በፊት እንደሚያስረጅ ከእነዚህ ልጆች በላይ ምስክር የለም።

ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። በወንጀል ሕጋችን በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው፤ የፍሬ ነገር ስሕተትም መከላከያ ሊሆን ይችላል። «22 ዓመቱ መስሎኝ ነው» ያለን ልጅ ዐቃቤ ሕግ ሊያስቀጣው ከፈለገ፣ ገዢው 21 እንዳልሞላው ማስረዳት አለበት፤ ልጁ ይህን ያውቅ እንደነበርም እንዲሁ። ያልተመዘገበን ልደት በምን ያስረዳል? ስለዚህ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ጠበቃ ያቆመ ሰው ይለቀቃል። ጠበቃ የሌለው፣ አማርኛውም የፍርድ ቤቱም ቋንቋ የማይቀናው የገጠር ልጅ ግን ይደነግጣል፣ «አጥፍቻለሁ» ይላል፣ ይቀጣል። አፈጻጸም ጎደለ ሲሉኝ የሚታየኝ ይህ ነው። ያለ ማስረጃ ቁጥጥሩን ብታጠናክሩት የሚበዛው የተቀጡ የሱቅ ልጆች ቁጥር ነው፤ የሚጠጡ ልጆች ስለ መቀነሳቸው ማንም ዋስ አይሆንም።

ከዚህም የባሰ፣ አዋጅ አውጪው ያላሰበው የመሰለኝ ነገር አለ። በእኛ አገር ልጅ ይላካል። እኔም ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲመጣ ባዶ ጠርሙስ ተሰጥቶኝ አረቄ እንዳመጣ ተልኬአለሁ። የቀዳልኝ ሰው ዕድሜዬን አልጠየቀም። የጠየቀኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነው፤ መለስኩ፣ ሞላልኝ። ዛሬም ሱቅ ሄዶ ጠርሙስ ከሚያነሣው ልጅ መካከል «ተልኬ ነው» የማይል ጥቂት ነው፤ ግማሹ እውነቱን ነው፣ ግማሹ ተምሮበታል። ባቢሌን በመሰለ፣ መጠጥ ሃይማኖትም ባህልም በሚያወግዙት ከተማ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። የሚጠጣው አዋቂ ሰው እንዳያየው ራሱ አይሄድም። ጨለም ሲል ልጅ ይልካል፤ ልጁ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ከጃኬቱ ስር ሸሽጎ ይወስዳል። ነውሩን የሚሸከመው ልጅ፣ ክሱን የሚሸከመው ሌላ ልጅ ነው። የላከው ሰው ሶፋው ላይ ነው።

አፈጻጸም የሚለው ቃል ራሱ በባቢሌ ላይ ሲደርስ ትርጉሙን ያጣል። ባቢሌ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያም በሶማሌ ክልልም አለ። አዋጁ የፌዴራል ነው፤ የችርቻሮ ሱቁን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ግን የክልል መዋቅር ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት መንግሥት ያለበት ቦታ «ቁጥጥሩ ይጠናከራል» የሚል ሰው የማንኛው ቁጥጥር እንደሆነ ይንገረኝ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ ግድ አይልም፤ ግን እንግሊዞች የሠሩትን ማየት አይከፋም። እዚያ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈቃድ ሕግ ለልጅ መሸጥን ወንጀል ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሻጩ የዕድሜ ማስረጃ ጠይቆ ከነበረና የታየው ማስረጃ ሰውን የሚያሳምን ከነበረ ይህ መከላከያ ይሆንለታል። ድርጊቱ በአንድ ሱቅ ሲደጋገም ደግሞ ጣቱ ወደ ባለፈቃዱ ይዞራል፤ ሱቁም ለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። እርግጥ እነሱ መዝገብ አላቸው። ቢሆንም የሐሳቡ ፍሬ ለእኛም ይሆናል፦ የጠየቀን ልጅ ሕጉ ይከልለው፤ ትርፉን የሚወስደው ሰው ደግሞ ጣጣውንም ይውሰድ። አሁን ባለው አሠራር ትርፉ ወደ ባለሱቁ፣ ከእሱም አልፎ ወደ አከፋፋዩና ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፤ እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ግን ጠርሙሱን ያቀበለችው እጅ ናት።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባንኮኒ ላይ እንዳያቆም በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ልጅ ተልኮ ሲመጣ ለላኪው በስሙ የሚያስጠይቅ ቅጣት ይኑር። የሱቅ ልጅ «መታወቂያ የለህም፣ አልሸጥልህም» ሲል ቃሉን የሚሽርበት ባለሱቅ እንዳይኖር፣ ተቆጣጣሪው የሚያነጋግረው ባለፈቃዱን ይሁን። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም ወጣቱን እያዳረሰ ሲሄድ፣ ዕድሜን መጠየቅ ቢያንስ መልስ ያለው ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ግን የሚከነክነኝ አለ። ቅጣቱ ወደ ባለሱቁ ቢዞር፣ ባለሱቁ ከሱቅ ልጁ ደመወዝ አይቆርጠውም? ደመወዝ ለሌለውስ ከምን ይቆርጣል? ላኪውን እንቅጣ ስል፣ «ማን ላከህ?» ተብሎ አባቱን የሚጠቁም የአሥር ዓመት ልጅ ማን ያወጣል? ባቢሌ ላይ አንድ ምሽት ያየሁት ልጅ ከ13 የሚበልጥ አይመስለኝም። ጥቁር ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ መንደሩ ገባ። ሱቅ ውስጥ ለነበረው ልጅ አዝኜ ስከራከርለት ነው የቆየሁት። ያኛው ልጅ ጠርሙሱን ለላከው ሰው አደረሰው ወይስ መንገድ ላይ ከፈተው፣ እኔም ተከትዬ አላየሁም።