ለኩላሊት እጥበት የሚከፍለው መድን ለስኳር መለኪያስ?

ከዓምዱ ጸሐፊ፤ ሞያሌ፣ ኬንያ

ሞያሌ ላይ አንድ የስኳር ሕመምተኛ በአንድ ቀን ሁለት ቁጥር ሊሰማ ይችላል። በኬንያው በኩል ሲለካ «ስኳርህ 9 ነው» ይባላል። ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያው በኩል ቢለካ ያው ስኳር 162 ይሆናል። ኬንያ የምትለካው በሚሊሞል ነው፣ ኢትዮጵያ በሚሊግራም። የኬንያው 3.9 እና የኢትዮጵያው 70 አንድ ናቸው፤ ስኳሩ ከዚያ በታች ከወረደ ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ካልተደረሰለትም ራሱን ይስታል። ሺሊንግና ብር ሲመነዝር የሚውል የድንበር ሰው ይህን ልዩነት ለመልመድ አይቸገርም። የሚቸገረው ቁጥሩን ለማግኘት ነው።

ቤቱ መለኪያ የሌለው ሰው ስኳሩን የሚያውቀው ለቀጠሮ ሐኪም ቤት ሲሄድ ብቻ ነው። ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ባሉት ሳምንታት ኢንሱሊኑን በግምት ይወጋል። ኢንሱሊን ደግሞ ለግምት የማይመች መድኃኒት ነው፤ ሲያንስ ስኳሩ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ቀስ በቀስ ይበላል፣ ሲበዛ በአንድ ሌሊት ሰው ይገድላል።

ሀብታሞቹ አገሮች ከዚህ ግምት እየወጡ ነው። ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ሴንሰር ክንድ ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ ያለው ቀጭን ክር ከቆዳ በታች ገብቶ፣ በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር በየጥቂት ደቂቃው እየለካ ለስልክ ወይም ለትንሽ ማንበቢያ ይልካል። ስኳሩ ሲወርድ የሚጮኹም አሉ፤ ልጇ ሌሊት ስኳሩ እንዳይወርድበት ስትሠጋ የምታድር እናት ያ ድምፅ ምን ያህል እንደሚያሳርፋት ታውቃለች። ፍሪስታይል ሊብሬና ዴክስኮም የሚባሉት በስፋት የታወቁ ሲሆን፣ አንዱ ሴንሰር እንደየዓይነቱ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ያገለግላል።

እዚያም ቢሆን የመንግሥት መድን ይህን በገዛ ፈቃዱ አልሸፈነም። የአሜሪካው የአረጋውያን መድን ሜዲኬር መሣሪያውን ለጥንቃቄ ብቻ የሚደረግ ተጨማሪ ነገር አድርጎ በመቁጠር ለዓመታት አልከፍልም ሲል ቆይቷል። ሕመምተኞች ይግባኝ እያሉ፣ እስከ ፍርድ ቤትም እየሄዱ ተሟገቱት። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2017 አንዱን ዓይነት በሕክምና መሣሪያነት ተቀበለ። ያኔም ቢሆን በቀን አራት ጊዜ ጣቱን እየወጋ የሚለካ መሆኑን ያላስመሰከረ አያገኝም ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው የተነሣው በ2021 ነው። በኤፕሪል 2023 ደግሞ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሁሉ ተፈቀደ። በእንግሊዝም ሰው ሴንሰር ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው የሚኖርበት ሰፈር ነበር። መንግሥት ያንን ለማስቀረት በኤፕሪል 2019 አገር አቀፍ ክፍያ ጀመረ፣ በ2022 ደግሞ የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ዓይነት አንድ ስኳር ላለበት አዋቂ ሁሉ እንዲቀርብ መከረ። የሚኖሩበት ቦታ ሕክምናን ሲወስን ምን እንደሚመስል ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከሞያሌ እስከ ካውንቲው ዋና ከተማ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ናይሮቢ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ።

መድን ለመለኪያ ይክፈል ለሚለው ክርክር መሠረት የሆነው ማስረጃ ከሴንሰሩ ይቀድማል። ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ዓይነት አንድ የስኳር ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ ስኳራቸውን በየቀኑ ደጋግመው እየለኩ ኢንሱሊናቸውን ያስተካከሉት ሰዎች በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በግማሽና ከዚያም በላይ እንደቀነሱ አሳየ። ከዚያ ወዲህ መለካት ከሕክምናው ጋር የሚታይ እንጂ በትርፍነት የሚታለፍ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ወደ ኬንያ እንመለስ። በ2023 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ የቀድሞውን ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድ ሽሮ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራውን ለማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን አስረክቧል። ሰው በአጭሩ «ሻ» ይለዋል። ደመወዝተኛው ከገቢው 2.75 በመቶ ይቆረጥበታል። ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ ኑሮው ተመዝኖ ቢያንስ በወር 300 ሺሊንግ ይመደብበታል፣ የዓመቱንም በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠበቅበታል። ገበያ ዳር ሻይ እያፈላች ልጆች ለምታሳድግ ሴት 3,600 ሺሊንግ ባንድ ጊዜ ማውጣት ቀላል አይደለም። ሕጉ ካቋቋማቸው ሦስት ፈንዶች አንዱ በስሙ ለድንገተኛ፣ ሥር ለሰደደና ለከባድ ሕመም የተመደበ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ሲባል ስኳር ከፊተኞቹ ተርታ ነው። የመድኑ የክፍያ ታሪፍ ግን የተቀረጸው ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ሲመጣ የሚደረግለትን እየቆጠረ ነው። ቤት ወስዶ ራሱን የሚለካበት መሣሪያና የደም ጠብታ የሚነካበት ስትሪፕ ራሱን የቻለ መብት ሆኖ ቦታ አላገኘም፣ ሴንሰሩማ ገና ሩቅ ነው።

ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ በኋላስ? ያኔ መድኑ አለሁ ይላል፤ ለአንድ የኩላሊት እጥበት 10,650 ሺሊንግ ይከፍላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሰው በዓመት ከ1,100,000 ሺሊንግ በላይ ይወጣበታል። ይህ ገንዘብ መከፈሉ ተገቢ ነው፣ የሚከፈልለት ሰው ሕይወት ነውና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኘው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ኩላሊቱን ሊያቆይለት ለሚችለው መለኪያ አለመከፈሉ ነው።

ሒሳቡን በሴንሰሩም ቢሆን መሥራት ይቻላል። የእንግሊዝ መንግሥት ለሁለት ሳምንቱ ሊብሬ ሲከፍል የቆየው 35 ፓውንድ ነው። በዓመት 26 ሴንሰር 910 ፓውንድ፣ በሺሊንግ ከ150,000 በላይ ይሆናል። ይህ ከአንድ ድሃ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ 40 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለሁሉም ይሰጥ ብሎ መጮኽ መድኑን ማክሰር ነው፤ ለሆስፒታሎች የሚከፍለው እየዘገየ በየጊዜው ቅሬታ የሚሰማበት ተቋም ይህን ጫና አይችልም። ሆኖም አንድ ሰው ለዓመት የሚታጠብበት ገንዘብ ሰባት ሰዎችን ዓመቱን ሙሉ በሴንሰር ሊያቆይ ይችላል። ሴንሰር የለጠፈ ሁሉ ኩላሊቱ ይድናል ማለት አይደለም፤ የተወሰኑት ግን ይድናሉ፣ ዓይናቸውና እግራቸውም እንዲሁ። የ35 ፓውንዱ ዋጋም ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በብዛት የሚገዛ አንድ ትልቅ ደንበኛ ያስገኘው ዋጋ ነው። ሚሊዮኖችን የመዘገበው የኬንያ መድንም እንዲህ ያለ ደንበኛ መሆን ይችላል።

የዚህ ዓምድ አቋም ግልጽ ነው። መድኑ ከስትሪፑ ይጀምር። ኢንሱሊን ለሚወጋ ለማንኛውም የተመዘገበ ሰው አንድ መለኪያና በየወሩ የሚበቃው ስትሪፕ ከኢንሱሊኑ ጋር አብሮ ይሰጠው። መንገዱም ተጠርጓል፤ በሴፕቴምበር 2023 መንግሥት ከ100,000 በላይ የማኅበረሰብ ጤና አስተዋዋቂዎችን ሲያሰማራ በየቦርሳቸው ከያዙት ዕቃ አንዱ የስኳር መለኪያ ነበር። መለኪያው እስከ መንደር ከወረደ ስትሪፑ የማይወርድበት ምክንያት የለም። ስትሪፕ ያለቀበት መለኪያ ደግሞ ጥቅም የለውም።

ከዚያ ቀጥሎ ሴንሰሩ ለሚያስፈልጋቸው ይምጣ፦ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባቸው ሕፃናትና ወጣቶች፣ ኢንሱሊን ለሚወጉ ነፍሰ ጡሮች፣ ስኳራቸው ሲወርድ ምልክቱ ለማይታወቃቸው። ለቀሩት ደግሞ ሐኪሞች በሌላ አገር የሚሠሩበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ሆስፒታሉ ማንበቢያውን ይዞ ለሕመምተኛው አንድ ሴንሰር ብቻ ለሁለት ሳምንት ይለጥፍለታል፣ ሲመለስ ሌሊቱንና ቀኑን በአንድ ወረቀት አይቶ መጠኑን ያስተካክላል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሴንሰር ከ26 ጋር አይነጻጸርም። ፋይንድ የተባለው የምርመራ መሣሪያዎች ድርጅት ከሄልምስሊ በጎ አድራጎት ጋር ሴንሰሩ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል ማጥናት ጀምሯል። መድኑ የዚያን ውጤት ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅ አሁኑኑ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ይበጃል።

ሞያሌ ለዚህ የተለየ ምክንያት አላት። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ በቦረናና በማርሳቢት አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል። ከብት አለቀ፣ ወተት ጠፋ፣ ምግብ ከቤት ጎደለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የሚገጥመውን ምርጫ የጠገበ አገር ሐኪም አያውቀውም፤ መርፌውን እንደታዘዘው ወግቶ እራት ካላገኘ ስኳሩ ወርዶ ይጥለዋል፣ ምግብ የለም ብሎ መርፌውን ከተወ ደግሞ ዓይነት አንድ ያለበት ሰው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጥግ ላይ ላለ ሰው ግማሹን ልውጋ ወይስ ሩቡን የሚለውን የሚመልስለት ቁጥር ብቻ ነው። መለካት የደላው ሰው ነገር ነው የሚሉ ባለሥልጣናት ካሉ፣ በድርቅ ጊዜ ለተራበ ሕመምተኛ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ይወቁ።

ጾሙም አለ። አብዛኛው የሞያሌ ነዋሪ ረመዳንን ይጾማል፤ ከፊሉም የኦርቶዶክስ አጽዋማትን። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በረመዳን ላይ ከሚሠሩ ሐኪሞች ጋር ያወጣው መመሪያ ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ ወይም ከ300 በላይ የወጣ ሰው ጾሙን እንዲፈታ ያዛል። በኬንያው አቆጣጠር 3.9 እና 16.6 መሆኑ ነው። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስም ያስረዳል። ሸኽ ቢመክር፣ ሐኪም ቢመክር፣ ቤቱ መለኪያ የሌለው ሰው ይህን ምክር በምን ይፈጽመዋል?

ድንበሩ ሌላው ጣጣ ነው። በ2020 መጨረሻ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የአንድ ማቆሚያ የድንበር ጣቢያውን በሞያሌ መርቀዋል፤ ዕቃ በአንድ ቦታ ተፈትሾ እንዲያልፍ ተደርጓል። የጤና መድን ግን መስመሩ ላይ ይቆማል። በኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በወዲያኛው ሞያሌ እንጂ በዚህኛው አይሠራም፣ የኬንያውም እንዲሁ። በማርች 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ሲቪሎች ተገድለው 10,000 ገደማ ሰዎች ወደ ኬንያው በኩል ሲሸሹ፣ ከነሱ መካከል ኢንሱሊን የሚወጉ ካሉ የመድን ደብተራቸው በአንድ ሌሊት ዋጋ አጥቷል። ሁለቱ መንግሥታት ስለ ከብት ክትባትና ስለ ጉምሩክ እንደሚነጋገሩት፣ ቢያንስ ኢንሱሊንና ስትሪፕ በሁለቱም በኩል በአንድ ደብተር እንዲሰጥ መነጋገር ይችላሉ።

አይቻልም ለሚሉ ጎንደር አለች። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር ክትትልን ከሆስፒታሉ አውጥተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደዋል፣ ነርሶችም እንዲመሩት አድርገዋል። ለኢንሱሊን ረጅም መንገድ ይጓዝ የነበረ ገበሬ በቅርቡ እንዲያገኝ ሆኗል። ያ የተደረገው በጥቂት ገንዘብ ነው፣ ውሳኔና ጽናት ግን ነበረው።

ኬንያ የመድኑን ጥቅሞችና ታሪፎች የሚመክር ጓድ አቋቁማለች። ጓዱ ቀጣዩን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው መለኪያና ወርሃዊ ስትሪፕ የሚል አንድ መሥመር፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሴንሰር የሚል ሁለተኛ መሥመር ይጻፍ። የማርሳቢት ካውንቲ ጤና ቢሮም ከሞያሌ ሆስፒታል የስኳር ተከታታዮችን ቁጥር ይዞ ለጓዱ ያቅርብ። ቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት አንባቢም ጥያቄውን በጽሑፍ ለካውንቲው ተወካዩ ያድርስ፤ በአሜሪካም ሜዲኬርን ያስለወጡት አቤቱታቸውን ያልተዉ ሕመምተኞች ናቸው።