በጭስ ማውጫው የሚያመልጠው ነዳጅ

አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር ከሞተሩ ኋላ አየሩ ሲርገበገብ ይታያል። ያ ሙቀት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ተቃጥሎ፣ ሥራ ሳይሠራ የሚያመልጥ ነዳጅ ነው። አሉ የሚባሉት የዘመናችን ሞተሮች እንኳ ከነዳጁ ጉልበት ግማሽ ገደማውን በሙቀት መልክ ይበትኑታል።

ይህን ሙቀት መልሶ የመጠቀም ሐሳብ የቆየ ነው። አብራምስ የተባለው የአሜሪካ ታንክ የሚንቀሳቀሰው በተርባይን ሞተር ሲሆን፣ የተገጠመለት ሙቀት መለዋወጫ ከጭሱ ሙቀት እየወሰደ ወደ ማቃጠያው የሚገባውን አየር ቀድሞ ያሞቅለታል። በዚያው ልክ ነዳጅ ይቆጠባል። አሠራሩ የመኪና ራዲያተርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሙቁና ቀዝቃዛው ሳይቀላቀሉ በስስ ብረት ተለያይተው ያልፋሉ።

ታዲያ አውሮፕላን ላይ ለምን አልተለመደም? አንዱ ምክንያት ክብደቱ ነው። የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው። የቦይንግ 777ኤክስ ሞተር፣ ጂኢ9ኤክስ፣ የሳበውን አየር ግፊት እስከ 60 እጥፍ ያደርሰዋል። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ እዚህ ደረጃ ላይ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ከተርባይኑ ከሚወጣው ጭስ ይበልጥ ይሞቃል። በለብታ ውሃ የፈላ ውሃ ማሞቅ ደግሞ አይቻልም።

አንዱ መፍትሔ አየሩን በመጨመቅ ላይ እያለ መሀል ላይ ማቀዝቀዝ ነው። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የጀርመኑ ኤምቲዩ ከፕራት ኤንድ ዊትኒ ጋር የያዘው የእንፋሎት መንገድ ነው። የጭሱ ሙቀት ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ማቃጠያው ውስጥ ገብቶ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ መጨረሻ ላይ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ውሃው ተለይቶ እንደገና ይገባል። ፈሳሽ ውሃን በፓምፕ መግፋት አየርን ከመጨመቅ እጅግ ያነሰ ጉልበት ስለሚጠይቅ ትርፉ እዚያ ላይ ነው።

ኢንዱስትሪው ዘገየ የሚሉ አሉ። እኔ በጥንቃቄው እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2008 ከቤይጂንግ ወደ ለንደን የበረረውን የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 እናስታውስ። ሞተሩ ላይ ያለው ሙቀት መለዋወጫ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የጋለውን ዘይት ያበርዳል፣ የቀዘቀዘውን ነዳጅ ያሞቃል። በረጅሙ በረራ በነዳጅ ቱቦዎቹ ውስጥ በረዶ ተጋግሮ ነበር። አውሮፕላኑ ሂትሮው ሊያርፍ ሲቃረብ ሞተሮቹ ተጨማሪ ነዳጅ ሲጠይቁ በረዶው ተላቀቀና የመለዋወጫውን አፍ በከፊል ዘጋው። እዚያ ከመለዋወጫው የፊት ሳህን ጥቂት ሚሊሜትር ወጣ ብለው የቆሙ ከሺህ የሚበልጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩ። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ሳይደርስ ሣር ላይ አረፈ፤ ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። መፍትሔው የቱቦዎቹን ጫፍ ከሳህኑ ጋር እኩል ማድረግ ነበር። ጥቂት ሚሊሜትር!

የሞተርን ሙቀት መልሶ የመጠቀም ጉዳይ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን የፈለገውን ያህል ጭኖ አይነሳም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ መሀል ላይ ለነዳጅ ሲቆም፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ለእኛ ድርብ ጥቅም አለው፤ ሙቀት መለዋወጫው የሚጨምረው ክብደትም ድርብ ዋጋ ያስከፍለናል። ባሕር ዳርቻ ላይ አዋጭ የሆነ ንድፍ ቦሌ ላይ ላያዋጣ ይችላል።

ይህን ሒሳብ ከእኛ ቀድሞ የሚሠራልን የለም። የሜካኒካል ምህንድስና ክፍሎቻችን ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ርዕስ አድርገው ይስጡት፤ አየር መንገዱም የመነሻ ክብደትና የነዳጅ መረጃውን ያካፍላቸው። አዲስ ሞተር ለመግዛት ድርድር ሲጀመር ያ ጥናት ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት።